ጉባኤ ሲበተን የሚቀረው፦ ብክነትን ከዝግጅቱ በፊት ስለመከላከል

ትልቅ ጉባኤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ለጥቂት ቀናት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባስባል። ተሳታፊዎቹ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ ሆቴል ያርፋሉ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመገባሉ፣ የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ፣ ቦርሳና መጽሔት ይቀበላሉ። ጉባኤው በተበተነ ማግሥት አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው የተጣለ ባነር፣ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ፣ እጅ ያልነካው ምግብና ለሦስት ቀን ብቻ ተረግጦ የሚጣል ምንጣፍ ነው። ይህ ሁሉ ብክነት የሚወሰነው ግን በጉባኤው ቀን አይደለም። ከወራት በፊት ቦታ ሲመረጥ፣ ከምግብ አቅራቢ ጋር ውል ሲፈረም፣ የተጋባዡ ቁጥር ሲገመት ተወስኖ ያድራል። ስለዚህ ጉባኤን ለአካባቢ ተስማሚ ማድረግ ከጽዳት ሥራ ይልቅ የዕቅድ ሥራ ነው።

ነገሩን በተግባር ለማየት የአሜሪካዋ ሲያትል ጥሩ ማሳያ ናት። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ማውንት ቤከርና ከእሱ ወደ ደቡብ የተዘረጋው ሬይኒየር ቫሊ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የኖሩበት፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚታዩበት አካባቢ ነው። ሲያትል ከትላልቅ ጉባኤዎች ጋር ያላት ትውውቅም የቆየ ነው። በኖቬምበር 1999 የዓለም ንግድ ድርጅት የሚኒስትሮች ጉባኤ ሲካሄድባት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለተቃውሞ አደባባይ ወጥተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ስለነበር የባሕር ኤሊ ልብስ ለብሰው የተሰለፉም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ስለ ምግብ ትርፍራፊ፣ ስለሚጣሉ ዕቃዎችና ስለ መጓጓዣ ያወጣቻቸው ደንቦችና የሠራቻቸው ሥራዎች ለማንኛውም የጉባኤ አዘጋጅ ትምህርት ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዞው ነው

ስለ ጉባኤ ብክነት ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የፕላስቲክ ጠርሙስን ነው። ጠርሙሱ በዓይን ይታያል፤ ከአውሮፕላን ሞተር የሚወጣው ጋዝ ግን አይታይም። ሚዛን ላይ ሲወጡ የሚያመዝነው የማይታየው ነው። የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ማኅበር በ2019 በሳን ፍራንሲስኮ ያካሄደው ጉባኤ 28 ሺህ ያህል ተሳታፊዎች ነበሩት። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት እነዚህ ሰዎች በጠቅላላው 285 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል፤ ጉዟቸውም 80 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ለቋል። በነፍስ ወከፍ ሲካፈል 3 ቶን ገደማ ይደርሳል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅ ቃጠሎ የሚደርስበት የዓመት ድርሻ ከሩብ ቶን በታች ነው። አንድ ተሳታፊ በአንድ ጉባኤ ምክንያት የለቀቀው ጋዝ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከአሥር ዓመት በላይ ከሚለቀው ይበልጣል ማለት ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች መፍትሔዎችንም አነጻጽረዋል። ያው ጉባኤ ለብዙዎቹ ተሳታፊዎች በሚቀርበው በቺካጎ ቢደረግ የጉዞው ብክለት በ12 በመቶ ይቀንስ ነበር። ከተሳታፊዎቹ መካከል ከሁሉ ርቀው የሚመጡት 36 በመቶ በኢንተርኔት ቢሳተፉ ደግሞ ቅነሳው ወደ 76 በመቶ ያድጋል። በ2021 የወጣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም ጉባኤን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ማካሄድ የካርቦን ጫናውን በ94 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሳታፊ በየአቅራቢያው በተመረጡ ማዕከላት በአካል ተገናኝቶ የቀረው በኢንተርኔት ቢከታተል ደግሞ ጫናው በሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል።

በአካል መገናኘት የራሱ ዋጋ አለው። ብዙ የሥራ ትብብር የሚወለደው ከመድረኩ ንግግር ሳይሆን በሻይ ሰዓት ከሚደረገው ጨዋታ ነው። ወጣት ባለሙያም ከአንጋፋዎቹ ጋር የሚተዋወቀው እዚያው ነው። ማዕከላትን የማደራጀት ሐሳብ ይህን ዋጋ ሳያጠፋ ጉዞውን ያሳጥራል። ከሲያትል እስከ አዲስ አበባ በአየር ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚደረግ ጉባኤ መሳተፍ የሚፈልጉ የሲያትል ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ሁሉ ከሚበሩ፣ ጥቂት ተወካዮች ሄደው የቀሩት በሰፈራቸው የማኅበረሰብ አዳራሽ ተሰብስበው በስክሪን ቢከታተሉ፣ ቢጠይቁና እርስ በርስ ቢወያዩ ትርጉም ያለው ተሳትፎ ይሆናል። ሰዓቱም ከታሰበበት ይገጥማል። በሲያትል የበጋ ወራት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ሲያትል ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የጋራውን ውይይት በዚህ ሰዓት ላይ ማድረግ ግን መርሐ ግብሩ ከመታተሙ በፊት መወሰን አለበት።

ቦታ መምረጥና መጓጓዣ

ጉዞው የግድ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ተሳታፊው ከአየር ማረፊያ እስከ አዳራሽ በምን ይመላለሳል የሚለው ነው። አዳራሹ ከሆቴሎች ርቆ ከተመረጠ አዘጋጁ በየቀኑ አውቶቡስና መኪና መከራየቱ አይቀርም። የሲያትል የጉባኤ ማዕከል የመጀመሪያ ሕንፃ በ1988 ከአውራ ጎዳና በላይ ተንጠልጥሎ የተሠራ ሲሆን፣ ሰሚት የተባለው ሁለተኛው ሕንፃ በጃንዋሪ 2023 ተከፍቷል። ሁለቱም መሐል ከተማ ናቸው፤ ከሆቴሎችና ከዌስትሌክ የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳሉ።

ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው በጁላይ 2009 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከአየር ማረፊያው ጋር ተገናኝቷል። ከአየር ማረፊያ የተነሳ መንገደኛ ሬይኒየር ቫሊን አቋርጦ፣ ማውንት ቤከር ጣቢያን አልፎ፣ መኪና ሳይቀይር መሐል ከተማ ይገባል። በመሆኑም ጉባኤተኛው ከመሐል ከተማ ውድ ሆቴሎች ውጭ፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን፣ በባቡሩ መስመር ላይ ማረፍ ይችላል። በ2021 የተከፈተው ክላይሜት ፕሌጅ አሬና የተባለው የስፖርትና የሙዚቃ አዳራሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ የሕዝብ ትራንስፖርት ክፍያን ከመግቢያ ትኬቱ ጋር አያይዟል። የጉባኤ አዘጋጅም የባቡርና የአውቶቡስ ክፍያን በምዝገባው ውስጥ ቢያካትት፣ ብዙ ተሳታፊ ታክሲ ከመጥራቱ በፊት ባቡሩን ያስባል።

ሕንፃውና መብራቱ

ሲያትል አብዛኛውን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከውሃ ኃይል ነው። የከተማዋ የኤሌክትሪክ ድርጅት ከ2005 ጀምሮ የተጣራ የካርቦን ልቀቱን ዜሮ አድርጎ ሲሠራ ቆይቷል። በኢትዮጵያም ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአመዛኙ ከውሃ ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች የአዳራሹን መብራት ማብራት እንደ ጉዞው አይከብድም። የሚከብደው ለመጠባበቂያ ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የናፍጣ ጀነሬተርና ያለ በቂ ምክንያት የሚገነባ አዲስ ሕንፃ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ሲመረቱ ብዙ ጋዝ ይለቃሉና። ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ሲታደስ ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ጣሪያ እንዳለ ተጠብቆ ከሥሩ ያለው ብቻ በአዲስ መልክ ተገንብቷል። ከጣሪያው የሚሰበሰበው ዝናብም ለበረዶ ሆኪ ሜዳው በረዶ መሥሪያ ይውላል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ፈርሶ እንደ አዲስ ከመሠራት ይልቅ ታድሶ በ2024 ዳግም መከፈቱም የሚመሰገን ምሳሌ ነው። ለአዘጋጅ የሚሻለው ያለውን አዳራሽ መጠቀም፣ የቀን ብርሃን የሚገባበትን መምረጥና ሰው በሌለበት ክፍል መብራትና ማቀዝቀዣ እንዲጠፋ ከሕንፃው አስተዳደር ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው።

ምን ይበላ? ምን ያህል?

ከጉዞ ቀጥሎ ትኩረት የሚሻው ምግብ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንዱ የምግቡ ዓይነት፣ ሌላው መጠኑ ነው። በ2018 የታተመ፣ በ119 አገሮች የሚገኙ እርሻዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሥጋ ተብለው ከሚረቡ ከብቶች የሚገኝ አንድ ኪሎ ሥጋ ወደ 60 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ጋዝ ያስከትላል። ለአንድ ኪሎ አተር ግን ይህ መጠን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ማዕድ የታደለ ነው። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶልያና ሱፍ ፍትፍት ያሉበት የጾም በያይነቱ፣ ሌሎች አገሮች በምርምር ሊደርሱበት የሚጥሩትን ዝቅተኛ ብክለት ያለው ድግስ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ያቀርባል። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ሥጋ ለማይበላውም የሚስማማ በመሆኑ ለልዩ ልዩ እንግዳ የተለያየ ምግብ የማዘጋጀትን ጣጣ ይቀንሳል። አዘጋጁ ይህን መደበኛ ምግብ አድርጎ፣ ሥጋ የፈለገ ሲመዘገብ እንዲያሳውቅ ቢያደርግ ማንም ሳይከለከል ብክለቱ ይወርዳል።

መጠኑን በተመለከተ ዋናው ችግር «እንዳያንስ» የሚለው ስጋት ነው። እንግዳ ጾሙን እንዳይሄድ መጨነቅ መልካም ጠባይ ቢሆንም፣ በግምት ላይ ግምት ሲጨመር የተዘጋጀው ምግብ ከበላተኛው ቁጥር በእጅጉ ይበልጣል። ምዝገባው የትኛውን ምሳና እራት እንደሚበሉ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቁጥር ለምግብ አቅራቢው ከጥቂት ቀናት በፊት ከተነገረና ቡፌው በትልቅ ትሪ አንዴ ከሚሞላ በትንሽ በትንሹ የሚታደስ ከሆነ የሚተርፈው ይቀንሳል። የተረፈው ደግሞ ሳይበላሽና ሳይነካካ ለሚበላው ሰው መድረስ አለበት። በአሜሪካ በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስ ሰው ወይም ድርጅት በተጠያቂነት እንዳይከሰስ ጥበቃ ይሰጣል። ሲያትል ውስጥ እንደ ፉድ ላይፍላይን ያሉ ድርጅቶች የተረፈ ምግብ ሰብስበው ያከፋፍላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከድግስ የተረፈውን ለነዳያን ማካፈል የኖረ ልማድ ነው። ለጉባኤ የሚያስፈልገው ይህን ልማድ በሥርዓት ማስያዝ ነው፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዕቃ ይወስደዋል የሚለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ካልተጠበቀ ለተቀባዩ ጤና አደጋ ይሆናልና።

ሳህን፣ ብርጭቆና ሃይላንድ

ሲያትል ለምግብ ንግድ ቤቶች ያወጣቻቸው ደንቦች ደረጃ በደረጃ የጠበቁ ናቸው። በ2009 የፎም ሳህንና ኩባያ ተከለከለ። በ2010 ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውሉ የምግብ ዕቃዎች ወይ ወደ ኮምፖስት የሚለወጡ ወይ ሪሳይክል የሚደረጉ እንዲሆኑ ታዘዘ። በ2012 ፌስታል፣ በ2018 የፕላስቲክ ስትሮና ሹካ ታገዱ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ መሠረት ሹካ፣ ማንኪያ፣ ስትሮና መሰል ዕቃዎች ደንበኛው ካልጠየቀ አይሰጡም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ወጪ የማይጠይቅ ትምህርት ይዟል፤ ለሁሉም ከማደል ለጠየቀ መስጠት።

«ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳህን ሁሉ ግን ከችግር ነጻ አይደለም። ብዙዎቹ የሚበሰብሱት ከፍተኛ ሙቀት ባለው የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ብቻ ነው። ጓሮ ቢቀበሩ ወይም መደበኛ ቆሻሻ ውስጥ ቢገቡ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርሱ ይቆያሉ። ስለዚህ በአካባቢው እንዲህ ያለ ማምረቻ ከሌለ እነሱን በውድ ዋጋ መግዛት ትርጉም የለውም። የሚሻለው ታጥቦ የሚመለስ ዕቃ ነው። ሲያትል በ2022 በጀመረችው ሪዩዝ ሲያትል በተባለ ፕሮግራም የሙዚቃና የመዝናኛ አዳራሾች ጠጪው ከተጠቀመበት በኋላ የሚመልሰውን፣ ታጥቦ ዳግም የሚቀርብ ኩባያ እንዲጠቀሙ እያበረታታች ነው።

ለኢትዮጵያውያን ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። የሰፈር እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ገዝቶ በግምጃ ቤት ያስቀምጣል፤ ለሐዘንም ለሠርግም ያውሳል፤ የተሰበረውን ይተካል፤ ዕቃውን የሚቆጥርና የሚያስረክብ ኃላፊ አለው። አንድ ሳህን ለዓመታት በመቶ በሚቆጠሩ ድግሶች ያገለግላል። እንጀራ በእጅ፣ ከአንድ ትሪ በጋራ የሚበላ መሆኑም የሹካና የማንኪያን ጉዳይ ከሥሩ ያቀልለዋል። በውጭ አገር ያሉ ማኅበረሰቦች፣ በማውንት ቤከርና በሬይኒየር ቫሊ የሚኖሩትን ጨምሮ፣ ለዘመን መለወጫም ሆነ ለጉባኤ በተሰበሰቡ ቁጥር የሚጣል ሳህን ከመግዛት በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በማኅበራት መካከል የሚዘዋወር የጋራ ዕቃ ቢያደራጁ የእድሩን ጥበብ ለዘመኑ ፍላጎት ያውሉታል።

ውሃም እንዲሁ ነው። 5,000 ሰው ለሦስት ቀን በቀን ሦስት ሃይላንድ ቢጠጣ 45,000 ባዶ ጠርሙስ ይከማቻል። የቧንቧ ውሃው በሚታመንበት ከተማ የመቅጃ ጣቢያ አቁሞ ተሳታፊዎች የራሳቸውን መያዣ እንዲያመጡ መንገር ይበቃል። በማይታመንበት ከተማ ባለ 20 ሊትሩ ተመላሽ ጀሪካንና የመስታወት ብርጭቆ ሥራውን ይሠራሉ።

ቆሻሻው የት ይሄዳል?

በሲያትል ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍራፊን ከመደበኛ ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው። የምግብ ትርፍራፊው እንደ ሴዳር ግሮቭ ባሉ ድርጅቶች ወደ ኮምፖስት ተለውጦ ለአትክልትና ለእርሻ ይሸጣል። ምንም ጥቅም የማይወጣለት ቆሻሻ ግን በባቡር ተጭኖ በአጎራባቹ የኦሪገን ግዛት አርሊንግተን አጠገብ ወደሚገኝ ማስወገጃ ይጓዛል። የምግብ ትርፍራፊ እንዲህ ባለ ቦታ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ አየሩን ያሞቃል።

በአዳራሽ ውስጥ መለየቱ እንዲሳካ ሦስቱ ማጠራቀሚያዎች፣ ማለትም የኮምፖስቱ፣ የሪሳይክሉና የመደበኛው ቆሻሻ፣ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። ብቻውን የቆመ ማጠራቀሚያ ሁሉም ነገር ይጣልበታል። በላዩ ላይ ከረጅም ጽሑፍ ይልቅ በዚያው ጉባኤ የሚታደሉት ዕቃዎች ሥዕል ቢለጠፍ፣ በምሳ ሰዓትም የሚጠቁም በጎ ፈቃደኛ ቢቆም ስህተቱ ይቀንሳል። ጥቂት የፕላስቲክ ማንኪያዎች የገቡበት የምግብ ትርፍራፊ ኮምፖስቱን ያበላሻል፤ ጭነቱም ተመልሶ ከመደበኛው ቆሻሻ ጋር ሊጣል ይችላል።

አዲስ አበባ የዚህን ጉዳይ ክብደት በሐዘን ታውቀዋለች። በማርች 2017 ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ የተቆለለው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። በ2025 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ከተማዋ ውስጥ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቅመው የሚተዳደሩ ቁራሌዎችና የተደራጁ ወጣቶች አሉ። አዘጋጆች ተለይቶ የተሰበሰበ ጠርሙስና ካርቶን ለእነዚህ ሰዎች ለማስረከብ አስቀድመው ቢዋዋሉ፣ ለእነሱ ንጹሕ ገቢ፣ ለከተማዋ የቀለለ ሸክም ይሆናል።

ባነር፣ ቦርሳና ምንጣፍ

ባነር ላይ ዓመተ ምሕረትና የጉባኤ ቁጥር ከታተመበት በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ የለውም። ስሙና አርማው ብቻ ያሉበት ባነር ግን ዓመታት ያገለግላል። የአንገት መታወቂያ ማሰሪያ በመውጫው በር ላይ በሣጥን ቢሰበሰብ ለቀጣዩ ይተርፋል። የወረቀት መርሐ ግብር በስልክ በሚነበብ ሊተካ ይችላል፤ ስልክ ለማይመቸው ጥቂት ቅጂ ማተም ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሚታደለው ቦርሳ፣ ኮፍያና ቲሸርት ብዙ ጊዜ ሆቴል ክፍል ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። ስጦታ የግድ ከሆነ በአካባቢው ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቡና ቆይ እጅ የተሠራ፣ ተሳታፊው ፈልጎ የሚወስደው ይሁን። በኤግዚቢሽን አዳራሽም በየዳሱ ሥር ምንጣፍ ከማንጠፍ ባዶውን ወለል መጠቀም ወይም ተከራይቶ መመለስ ይቻላል።

ውሉና መለኪያው

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በውል ካልሠፈረ በጎ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ዝግጅቶችን በዘላቂነት ስለመምራት የሚደነግገው አይሶ 20121 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው ከለንደን ኦሎምፒክ ጋር ተያይዞ በ2012 ሲሆን፣ በ2024 ተሻሽሏል። የደረጃው ፍሬ ነገር አዘጋጁ ግብ እንዲያስቀምጥ፣ ኃላፊ እንዲመድብ፣ እንዲለካና በሚቀጥለው እንዲያሻሽል ነው። በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይም የዝግጅት ኢንዱስትሪው እስከ 2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረግ ቃል የገባበት የጋራ ሰነድ ይፋ ሆኗል።

ከአዳራሽ፣ ከሆቴልና ከምግብ አቅራቢ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ የሚታጠብ ዕቃ መቅረቡ፣ የተረፈ ምግብ መለገሱ፣ ቆሻሻው ተለይቶ መመዘኑና ሪፖርቱ ለአዘጋጁ መሰጠቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። መለኪያው የተወሳሰበ መሆን የለበትም። በአንድ ተሳታፊ ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ፣ ስንት ሰሃን ምግብ ተረፈ፣ ስንት ሰው በአውሮፕላን መጣ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች በየዓመቱ ቢመዘገቡ መሻሻሉ ይታያል። ለተለቀቀው ጋዝ ማካካሻ ብሎ ዛፍ ማስተከል ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ችግኙ እስኪያድግ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ሊደርቅም ስለሚችል፣ ልቀቱን መጀመሪያ መቀነስን አይተካም።

ወደ አዲስ አበባ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ በሴፕቴምበር 2025 ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች። በ2027 ደግሞ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በ2023 ዱባይ ላይ የተካሄደው ተመሳሳይ ጉባኤ ከ80 ሺህ በላይ ሰው የተገኘበት መሆኑ የሚጠብቃትን ሸክም ያመለክታል። ስለ አየር ንብረት የሚመክር ጉባኤ ራሱ አየሩን ቢበክል ቃሉ ክብደት ያጣል።

ከተማዋ ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አትነሳም። ኤሌክትሪኳ ከውሃ ነው፤ ማዕዷ የጾም በያይነቱ አለበት፤ ዕቃን በጋራ ይዞ በጋራ መጠቀምን ከእድር ተምራለች፤ ጠርሙስ የሚሰበስቡ ታታሪ እጆች አሏት። የሚቀረው እነዚህን ጸጋዎች የጨረታ ሰነዱ ከመውጣቱ፣ ሆቴሎቹ ከመያዛቸውና ምግቡ ከመታዘዙ በፊት በዕቅድና በውል ውስጥ ማስገባት ነው። ሲያትል እያንዳንዱን ደንብ ለማጽናት ዓመታት ፈጅቶባታል። ቀድሞ የተጀመረ ዝግጅት ግን ያንን መንገድ ያሳጥራል፤ ከ2027ቱ ጉባኤ በኋላም አሠራሩ በየክፍለ ከተማው ስብሰባ፣ በየዩኒቨርሲቲው ዐውደ ጥናትና በየሠርጉ ድንኳን ሥር እንዲቀጥል መሠረት ይጥላል።